ገበሩ ያለቀ ጣት

አባቴን አውራ ጣቱን እንደሚያመው የነገረችኝ ቀጣሪው ናት። እሱ ቢሆን ኖሮ ጣቱ እስኪወድቅ ድረስ ትንፍሽ አይልም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 መኸር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ደወለችልኝ። ከዚያ በፊት በስልክ አውርተን ስለማናውቅ ድምፅዋን ስሰማ ክፉ ነገር የሆነ መስሎኝ ክው አልኩ።

«አባትሽ ደህና ነው» አለችኝ በዚያ እየተቆራረጠ በሚወጣ እንግሊዝኛዋ። «ጣቱ ግን ደህና አይደለም። መቀሱን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። እኔ ስነግረው ይስቃል። አንቺ ንገሪው።»

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቱ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ በመትከል ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ከመርፌና ከመቀስ ተለይቶ አያውቅም። እናቴ ካረፈች በኋላ የኢሚግሬሽን ወረቀት ፋይል አድርጌለት በ2003 ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ መጥቶ አብሮኝ መኖር ሲጀምር ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር። «አሁንማ ዕረፍ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ዐረፈ። በአራተኛው ሳምንት እግሩን ለማፍታታት ከአፓርታማችን ወርዶ ሲንሸራሸር አንድ ድራይ ክሊን መስኮት ላይ የስፌት መኪና ሥዕል አየና ገባ። እንግሊዝኛ አያውቅም። የሱቁ ባለቤት፣ የእሱ እኩያ የምትሆን ኮሪያዊት፣ እግሩ እንዲያጥር የመጣ ሱሪ አቀበለችው። እሱም ሱሪውን ገልብጦ የውስጥ ስፌቱን ካየ በኋላ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ኢንተርቪው ይኸው ነበር።

ከሥራ ስመለስ «ሥራ ይዣለሁ» አለኝ።

«በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?»

«በሱሪ» አለ።

እሱ «ማዳም» ይላታል፣ እሷ «ሚስተር» ትለዋለች። ከዚያ ውጪ የጋራ ቃላቸው ከሃያ አይበልጥም ነበር፤ ግን አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም።

ያን ሐሙስ ቤት ስገባ እራት እየበላ ነበር። ጎኑ ተቀመጥኩና ቀኝ እጁን ሳብ አድርጌ ወደ መብራቱ አቀረብኩት። የአውራ ጣቱ ሥር፣ ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቆዳው ውስጥ ጠጠር የተቀበረበት ይመስል አብጦ ወጣ ብሏል። ጫን ሳደርገው ጥርሱን ነከሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብርድ ነው ባክሽ። የሱቁ ኤር ኮንዲሽን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ካለፈው ፋሲካ» አለ፤ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሳ።

ለሐኪም ቤት እሺ አላለም። መጀመሪያ የማዳም ፕላስተር መጣ። እጅ ላይ ሲለጠፍ የሚያቃጥል፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ ስንደርስ፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች አባቴ መምጣቱን ከሽታው ያውቁ ነበር። ከዚያ የጸሎት ቡድን እናቶች ገቡበት። አንዷ ከአገር ቤት ያስመጡትን ቅባት ሰጡት። ሌላዋ «ጋሼ፣ ይኼ ሪህ ነው፤ ሥጋ ይተዉ» አሉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥጋ ተወ፤ ጣቱ ግን አላወቀለትም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት ሹራብ ደርቦበት ሲወጣ አየሁት። እሱ፣ ቁልፉ ሳይቆለፍ ከቤት የሚወጣን ሰው «ያልተጠናቀቀ» ብሎ የሚጠራው ሰው። ያኔ አላስፈቀድኩትም፤ አፖይንትመንት ያዝኩለት።

የእጅ ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። ኤክስሬዩን መብራት ላይ ሰቀለና ብዕሩን የአውራ ጣቱ ሥር ላይ አሳረፈ። ይህ መጋጠሚያ እንደ ኮርቻ ነው አለን፤ አንዱ አጥንት ሌላው ላይ እንደ ፈረሰኛ ይቀመጣል፣ ለዚህ ነው አውራ ጣት በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው። ችግሩ በሁለቱ መሐል ያለው ለስላሳ ልባስ ከዕድሜና ከሥራ ብዛት ተበልቶ ማለቁ ነው። አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋተገ ነው። በሽታው አርትራይተስ ይባላል።

እኔ «ልባስ» የሚለውን እንዴት ብዬ እንደምተረጉመው ስቸገር አባቴ ኤክስሬዩን ዓይኑን አጥብቦ ሲመለከት ቆየ።

«ገበሩ አልቋል በይው» አለኝ።

ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። የካፖርት የውስጥ ጨርቅ ማለቱ እንደሆነ ነገርኩት። ሐኪሙ ሳቀና «ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ለሌሎች በሽተኞቼም እንደዚህ ብዬ ነው የማስረዳው» አለ። አባቴ ይህንን ስተረጉምለት ደስ አለው። ሕመሙ ምን እንደሆነ የደረሰበት እሱ ራሱ ይመስል ነበር።

በጊዜ ካልተያዘ የሚብስ በሽታ መሆኑን፣ መጀመሪያ የእጅ ድጋፍና ቴራፒ፣ ካልሆነ መርፌ፣ ያም ካልሆነ ኦፕራሲዮን እንዳለ ነገረን። ቴራፒው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሐኪሙ ቢሮ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነበር። ማክሰኞ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ቀኑን ማክሰኞ አደረግነው።

ቴራፒስቷ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የምትሰበስብ ፈጣን ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ላይ የአባቴን እጅ አሳርፋ ዙሪያውን በእርሳስ ሳለችው፤ ከዚያ በሥዕሉ ልክ ከጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ቆረጠች፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ ሲለሰልስ አውጥታ እጁ ላይ ጠቀለለችው። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንፋሹን ይዞ ነው ያያት።

«ልብስ ሰፊ ናት እኮ!» አለኝ። «አቆራረጧ ጥሩ ነው። ብብቱ ላይ ግን ጠቦባታል።»

ብብት ያለው አውራ ጣቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ነው። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እጁን መጀመሪያ ሞቅ ያለ ሰም ውስጥ ትነክረዋለች። ሰሙ ሲረጋ እሱ እንዳይቀደድበት እየተጠነቀቀ እንደ ጓንት ይገፈዋል። ከዚያ ስለ ዕለት ኑሮ ታስተምረዋለች፤ ክዳን በጣት ሳይሆን በመዳፍ ክፈት፣ ነገር አትቆንጥጥ፣ መያዣው ወፍራም የሆነ መቀስ ግዛ፣ በየሃያ ደቂቃው ዕረፍ። በሁለተኛው ሳምንት ድጋፉን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ጠርዙን በሙሉ በስስ ጥጥ ጨርቅ ለብጦት፣ ቀዳዳውንም በትንሹ አስፍቶት ነበር። እሷ ገልብጣ አየችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ማን ነው ይህንን የሠራው?»

«እሱ ነው» አልኳት።

«ዕረፍ አላልኩትም?»

«በግራ እጄ ነው የሰፋሁት በያት» አለ አባቴ። ውሸቱን ነበር፤ ቢሆንም እንዳለው ተረጎምኩለት።

ጥር ላይ ሕመሙ ስለከፋ ሐኪሙ መጋጠሚያው ውስጥ መርፌ ወጋው። አባቴ ፊቱን ሳያዞር «ሰው ሁሉ ላይ መርፌ ስሰካ ኖሬ ተራዬ ደረሰ» እያለ ቀለደ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እጁ ሌላ እጅ ሆነ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት ጣት ያነሳ ጀመር። እኔም ተዘናጋሁ። ያኔ መዘናጋት አልነበረብኝም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ቴራፒስቷ እጁን ለክታ ፊቷ ጨለመ። እብጠቱ ተመልሷል፤ ከበፊቱም ብሷል።

«ምን ሲሠራ ነው የከረመው?» አለችኝ።

«ምን ስትሠራ ነው የከረምከው?» አልኩት።

«ምንም» አለ።

ቅዳሜ ሳልነግረው ሱቁ ሄድኩ። እሱ ከበስተኋላ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ተደርድሯል፤ ከላይ ደግሞ የተቆረጡ ጀርባዎችና ደረቶች ተከምረዋል። ማዳም እኔን ስታይ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፤ «ነግሬዋለሁ» ማለቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለፋሲካ አዲስ ልብስ ሊያሠሩ ያስባሉ። አባቴ በፊት የሚለብሱት የተገዛ ልብስ ለአጫጭሮቹ ልጆች እየረዘመ፣ በእስፒል እየተያዘ ሲዘምሩ ማየት ዓይኑን ያመው ነበር። መርፌው ካሻለው በኋላ ባለው እሑድ የመዘምራኑን መሪ ጠርቶ «እኔ እሰፋላችኋለሁ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ልብስ። መሪው «ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ሆኖ?» ሲለው «ድኗል» ብሎታል።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ሐኪም ቤት የምመላለሰው ለዚህ ነው? ማን ስፋልኝ አለህ? አሁንስ በቅቶሃል እኮ! የአንተ ጊዜ አልፏል፣ ለምን አይገባህም?»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም። በተቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«እሺ» አለ ብቻ።

ማዳም አማርኛ ባትሰማም ምን እንዳልኩት ገብቷት ኖሮ ካውያውን አንስታ ሳይሞቅ መተኮስ ጀመረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከአሌክሳንድሪያ ስንነሳ አላወራም። ስለነዚያ ጉዞዎቻችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን፣ ፊት ለፊት ስለማንተያይ ይሆን መንገዱ ስለሚያፈታው፣ አፉ ይከፈታል። ያኔ ትልቁ ድልድይ ገና በግንባታ ላይ ስለነበር ትራፊኩ ይንቀረፈፋል። እሱ ስለ አጎቱ ጭካኔ፣ ስለ መጀመሪያ ደንበኛው፣ በአንድ ሌሊት ሙሉ ልብስ አድርስ ብሎ ስላስጨነቀው ሙሽራ ያወራል። ከድልድዩ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ታሪክ ይበቃን ነበር። ያን ቀን ግን ድልድዩን ተሻገርን፤ ዝም። የግሪንቤልትን መውጫ አለፍን፤ ዝም።

«ስንት ቀረ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ልብሱ ነዋ።»

«ያልተቆረጠው አሥራ አራት ነው። የተቆረጠውን የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይገጣጥሙታል፤ የስፌት መኪና አላቸው።»

«ቅዳሜ እኔ እቆርጣለሁ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «አትችይም።»

«አስተምረኛ።»

የመኪናውን መሪ የያዘውን እጄን አየት አደረገው። ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሱቁ ውስጥ መቀሱን ሳነሳ እጄን ቸብ አድርጎ «ይኼ እጅ ለእስክሪብቶ ነው» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእሱን ዕቃ ነክቼ አላውቅም፤ የራሴን ቀሚስ ቁልፍ እንኳን የሚተክልልኝ እሱ ነበር። መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ቀበቶውን በግራ እጁ እየፈታ «ቅዳሜ በሁለት ሰዓት። ጥፍርሽን ቁረጪ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቅዳሜዎች አሁን ድረስ እናፍቃለሁ። ማዳም ጠረጴዛውን ለቀቀችልን። አባቴ ድጋፉን አድርጎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እጁ ማሳየት ስለማይችል ሁሉንም በቃል ነው የሚነግረኝ። ዕድሜውን ሙሉ እጁ የሚያውቀውን ነገር አፉ ሲናገረው የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ቃል እየጠፋው ዓይኑን ጨፍኖ በአየር ላይ በግራ እጁ ይቆርጣል።

«ጨርቁን አታንሺው፣ ተኝቶ ይቆረጥ። መቀሱ ነው የሚሄደው፣ ጨርቁ አይደለም።»

«እሺ።»

«የመቀሱን አፍ ጨርሰሽ አትዝጊው። ከዘጋሽው ጨርቁ ጥርስ ያወጣል። ለመዘጋት ትንሽ ሲቀረው ወደፊት ግፊው።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ አይደለም። ትከሻሽን ልቀቂው። መቀሱን እንደ ሌባ አንቀሽ ያዝሽው እኮ።»

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጀርባ ብቻ ቆረጥኩ። ማታ አውራ ጣቴ ሥር የሚነዝረኝ ነገር ነበር። ያኔ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲሸከም እንደኖረ ገባኝ፤ ሱቅ ውስጥ የተናገርኩትም ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም። እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላወቅኩበትም ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፈጠንኩ። ጀርባውም ደረቱም ቀጥ ብሎ ወጣልኝ። በሦስተኛው፣ የመጨረሻውን ልብስ እጅጌዎች ቆርጬ ስጨርስ በኩራት አነሳኋቸውና ለአባቴ አሳየሁት። አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምነው?»

«ሁለቱም ግራ ናቸው» አለ። ሳቁ ገንፍሎ እንባው ወረደ። «ልጄ... ልጄ፣ ሁለት ግራ እጅ ያለው ዘማሪ ካለን አላውቅም!»

የወረቀት ፓተርኑን ሳልገለብጥ ነው ሁለቴ የቆረጥኩት። ማዳም ሮጣ መጣች፣ እጅጌዎቹን አየች፣ እሷም መሳቅ ጀመረች። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ኮቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ችግሩ ታየን፤ ጨርቁ አልቋል። አባቴ ቁርጥራጮቹን አስለቀመኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አስደረደረኝ፣ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ሦስቱን መርጦ ከብብቱ ሥር እየተቀጣጠሉ ቀኝ እጅጌ እንዲሆኑ አደረገ። «ብብት ሥር ማን ያያል?» አለኝ።

በፋሲካ ዕለት መዘምራኑ በዚያ ወይን ጠጅ ልብስ ተሰልፈው ሲወጡ ምእመኑ አጨበጨበ። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ መዝሙሩን አይሰማም፤ የእያንዳንዱን ጠርዝ በዓይኑ ይለካል። ከዚያ ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ከኋላ ረድፍ የቆመው ረጅም ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የብብቱ ሥር ሦስት ቅጣይ ለጉባኤው ሁሉ ተገለጠ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያንቺ እጅጌ ሃሌ ሉያ አለ» አለኝ። በአምልኮ መሐል አፌን በነጠላዬ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ ስናቆም ድጋፍ ያጠለቀውን እጁን ጭኔ ላይ አሳረፈው፤ እኔም በሁለት እጄ ያዝኩት። ይቅርታው የተባለው ያኔ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መርፌ ብዙም አልረዳውም። በግንቦት ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑን አነሳ። ከጣቱ ሥር ያለችው ትንሿ የተጎዳች አጥንት ትወጣለች፤ ክፍት በሚሆነው ቦታ ደግሞ ከራሱ ክንድ የሚወሰድ ጅማት ተጠቅልሎ ይገባል። አባቴ እስከዚያ ድረስ ኦፕራሲዮን ሲባል ፊቱን ያዞር ነበር። ይህንን ስተረጉምለት ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ከራሱ ነው የሚጥፈው?»

«ከራስህ ክንድ።»

«ጥሩ ሰፊ ሱሪ ሲቀደድ ሌላ ጨርቅ አያመጣም። ከራሱ ሱሪ እጥፋት ውስጥ ነው ቆርጦ የሚጥፈው፤ ቀለሙ እንዳይለይ። ይኼ ሰው ሙያውን ያውቃል። ይቁረጥ በይው» አለ።

በሰኔ ተሠራለት። ከኦፕራሲዮኑ ሲወጣ፣ ማደንዘዣው ሳይለቀው፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስፌቱን አየሽው?» የሚል ነበር። ጀሶ ውስጥ ስለሆነ አልታየም አልኩት። ቅር አለው።

ጀሶው ስድስት ሳምንት ቆየ። በየጠዋቱ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ቀን አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቆመ። ከታች ስጀምር «ከላይ፣ ከላይ። ሸሚዝን የሚመራው ኮሌታው ነው» አለኝ። ካደግኩ ወዲህ ፊቱን እንደዚያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ጉንጩ ላይ እኔ የማላውቀው ትንሽ ጠባሳ አለ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጠየቅኩት፤ አጎቱ በካውያ ገመድ የመታው ነው። ይህንን በማክሰኞ ታሪኮቹ ውስጥ አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም።

ጀሶው ሲፈታ የወጣው እጅ የቀጠነ፣ የገረጣ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ነበር። ቴራፒው እንደገና ተጀመረ። ሊጥ የመሰለ ነገር መጭመቅ፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈት፣ ባቄላ አንድ በአንድ ከሳህን ማንሳት። መስከረም ላይ ሕመሙ እየጠፋ ቢሆንም ጉልበቱ አልመለስ አለ። አንድ ጠዋት መርፌ ላነሳ ብሎ ሦስት ጊዜ ወደቀበት። መርፌውን ወለሉ ላይ ትቶት ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ባላስነካው ይሻል ነበር» አለ። «በፊት ቢያመኝም ይይዝልኝ ነበር።»

መርፌውን ከወለሉ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ ለቴራፒስቷ ነገርኳት። ወንበሯን አዞረችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ገበሩ ያለቀ ካፖርት አምጥተውልህ፣ ገበሩን ፈተህ አዲስ ስታስገባ ወዲያው ይለበሳል?» አለችው። ተረጎምኩለት።

«አይለበስም» አለ። «መዋል አለበት። ከሰውዬው ጋር መላመድ አለበት።»

«ታዲያ?» አለች።

ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቄላውን ቤትም ይለቅም ጀመር። ማዳም እሑድ ከሰዓት በድስት ሾርባ ይዛ እየመጣች ከጎኑ ተቀምጣ ትቆጥርለት ነበር፤ እሷ በኮሪያኛ፣ እሱ በአማርኛ።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሕመሙ ለዘለቄታው ለቀቀው። የጣቱ ጉልበት ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ወፍራም ጨርቅ መቁረጥ ግን አይችልም። ወፍራሙን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እኔ እቆርጥለት ጀመር። ይህ እስከ 2013 ቆየ፤ ያኔ ማዳም ሱቁን ዘግታ ካሊፎርኒያ ልጇ ጋ ሄደች። አባቴም ከዓመት በኋላ ሎረል ከተማ ወንድሜ ቤት ገባ፤ የልጅ ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው። ማዳም በየአዲስ ዓመቱ ትደውልለታለች። ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። ስልኩን ሲዘጋ «ምን አለችህ?» እለዋለሁ። «እኔ ምን አውቄ፤ ግን ደህና ናት» ይላል።

ከዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ የመጨረሻው የቴራፒ ማክሰኞ ነው። ቴራፒስቷን ተሰናብተን ወደ አሌክሳንድሪያ እየተመለስን ነበር። የካቲት ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ብርድ አለ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አባቴ ከእናቴ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ መናገር ጀመረ። እኔ የማውቀው ዘመድ አስተዋውቋቸው መሆኑን ነበር።

«ዘመድ የተጨመረው በኋላ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ የወንድሟን ኮት ልታሳጥር መጣች። ቆንጆ ኮት ነበር። ሠርቼ ጨረስኩ። ልሰጣት ስል...»

የእኛ መውጫ ደረሰ። ሳልወጣ አለፍኩት።

«ኤግዚታችን አለፈሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ልትሰጣት ስትል?»

መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። ቤልትዌይ የሚባለው ይህ አውራ ጎዳና ክብ እንደሆነ ያውቃል፤ ዝም ብለው ከነዱት ወደ ተነሱበት ይመልሳል። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገና እግሩን ዘረጋ።

«ልሰጣት ስል አንዱን ቁልፍ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ ቁልፍ ጎድሎበታል ብላ ተመልሳ መጣች። ኧረ ይቅርታ ብዬ ተከልኩላት፤ ሌላ ቁልፍ ፈታሁ።»

«አባዬ!»

«አራት ጊዜ ተመላለሰች።»

«እማዬ አወቀችብህ?»

ሳቁን ለመያዝ ሞከረ። በቀኝ በኩል፣ በቀስታው መስመር፣ የጭነት መኪና ተከትለን እየሄድን ነበር።

«በአራተኛው ቀን» አለ፣ «ከመግባቷ በፊት ቁልፎቹን ሁሉ ራሷ ፈትታ መጣች።»